የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሉድሚላ ፔትሩሼቭስካያ፣ በጆሮዋ የምትጽፍ ደራሲ

ባለፈው እትማችን ስለ ዘመናዊው የሩሲያ ተውኔት ባወጣነው ጽሑፍ የሉድሚላ ፔትሩሼቭስካያን ስም በአንዲት አንቀጽ ጠቅሰን ማለፋችን ብዙ አንባብያንን እንዳላረካ ከደረሱን ደብዳቤዎች ተረድተናል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጽሑፋችሁ ደራሲዋን አንድ ቦታ ላይ ልቦለድ ጸሐፊ፣ ሌላ ቦታ ላይ ጸሐፌ ተውኔት ይላታል። የትኛዋ ናት? የሕይወት ታሪኳንም ባጭሩ ብታስረዱን መልካም ነበር።» (ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር)

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ሁለቱንም ናት። ይሁን እንጂ ነገሩን እንደ ሁለት ሙያ ባያዩት ይሻላል። ልቦለዷ በአንድ ሰው አፍ የሚነገር ወሬ ነው፤ ተውኔቷ ደግሞ ብዙ ሰዎች እየተሻሙ የሚያወሩት ወሬ ነው። ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ጆሮ ነው፤ ያ ጆሮ እንዴት እንደተሳለ ለማወቅ ደግሞ ወደ ልጅነቷ መመለስ ያስፈልጋል።

ፔትሩሼቭስካያ ሜይ 26 ቀን 1938 በሞስኮ ተወለደች። ቤተሰቧ ይኖር የነበረው ከአብዮቱ በኋላ ለቦልሼቪክ ሹማምንት መኖሪያ ተደርጎ በነበረው በሜትሮፖል ሆቴል ውስጥ ሲሆን፣ ቅድመ አያቷ ከጥንት ቦልሼቪኮች አንዱ የነበረ ሐኪም ነበር። እርሷ ከመወለዷ በፊት በ1937ቱ የስታሊን የጅምላ እስር ግን ከዘመዶቿ መካከል የተወሰኑት ታስረው ተረሽነዋል፤ የተረፉትም «የሕዝብ ጠላት ቤተሰብ» የሚል ስም ተለጥፎባቸዋል። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ በቮልጋ ወንዝ ዳር ወዳለችው ኩይቢሼቭ፣ የዛሬዋ ሳማራ፣ ተሰደደ። እናቷ በተውኔት ተቋም ለመማር ወደ ሞስኮ ስትመለስ ሕፃኗ ከአያቷና ከአክስቷ ጋር ለዓመታት እዚያው ቀረች።

የዚያን ጊዜውን ኑሮ በ2006 ባሳተመችው «ትንሿ ልጅ ከሜትሮፖል» በተሰኘው ትዝታዋ ጽፋዋለች። ብዙ ቤተሰብ በአንድነት በሚኖርበት አፓርታማ ውስጥ ጎረቤቶቹ የተፈረጁትን ሴቶች ከወጥ ቤቱ አግልለዋቸው ነበርና፣ ሦስቱም የጎረቤት ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ የተጣለውን የድንች ልጣጭና የጎመን ቅጠል እየለቀሙ ይበላሉ። በጋ ሲሆን ልጅቱ በባዶ እግሯ ጎዳና ትወጣና እየዘፈነች ትለምናለች። አያቷ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ደራሲ የጎጎልን ሥራዎች በቃሏ ትወጣቸው ነበር፤ ረሃቡ በጠና ቁጥርም አልጋ ላይ ተኝታ ለልጅቱ ትተርክላታለች። ልጅቱ ደግሞ ያንን ይዛ ወደ ግቢ ትወርድና ለሰፈሩ ልጆች የጎጎልን «የቁም ሥዕሉ» በራሷ አነጋገር ትተርካለች፤ ዋጋዋም ቁራሽ ዳቦ ነው። አንዲት ሴትም በዚያ ሰሞን አረንጓዴ ሹራብ እንደሰጠቻት ትዝታዋ ላይ ሰፍሯል። ሰው ሰምቶ እስኪጨርስ ድረስ አፉን አስከፍቶ ማቆየት ካልተቻለ ዳቦ እንደማይገኝ ይህች ልጅ ፊደል በቅጡ ሳትቆጥር ተምራዋለች። ከዚያ በኋላ የጻፈችውን ማንኛውንም ታሪክ አንስተው የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ቢያነቡ፣ ሰሚው ጥሎ እንዳይሄድ ክንዱን የሚይዝ ሰው ድምፅ ይሰማዎታል።

የቀረው በአጭሩ ይኸው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሞስኮ ተመልሳ፣ እናትና ልጅ በእናቷ አባት በመጻሕፍት የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ይተኙ ነበር። በ1961 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመረቀች፤ በሬዲዮ፣ ከሸክላ ጋር ይታተም በነበረው «ክሩጎዞር» መጽሔት፣ በኋላም በቴሌቪዥን ሠራች። የመጀመሪያ ባሏ ከረጅም ሕመም በኋላ ሲሞት ልጅ ይዛ ቀረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አጫጭር ታሪኮቿ በ1972 በ«አውሮራ» መጽሔት ላይ ወጡ። የመጀመሪያው መጽሐፏ «ዘላለማዊ ፍቅር» የታተመው ግን በ1988 ነው፤ ያኔ ዕድሜዋ 50 ደርሷል።

ጥያቄ፦ «ፖለቲካ አልጻፈችም ተብሏል። ታዲያ ከ1972 እስከ 1988 ድረስ መጽሐፍ እንዳይኖራት ያደረጋት ምንድን ነው? አንድም የመንግሥት ተቃዋሚ የሌለበት ታሪክ እንዴት ሳንሱርን ያስፈራል?» (የታሪክ ተማሪ)

መልስ፦ ጥያቄዎ የነገሩን እምብርት ይነካል። የሶቪየት ሳንሱር ተቃዋሚን ለይቶ ማወቅ አይቸግረውም ነበር፤ የተቸገረው ምንም የማይቃወም ነገር ግን ምንም የማይደብቅ ጽሑፍ ሲገጥመው ነው። በፔትሩሼቭስካያ ታሪክ ውስጥ ሴትዮዋ ከሥራ ትወጣለች፣ ወረፋ ትቆማለች፣ ሕፃኑን ከመዋያ ትወስዳለች፣ ሰክሮ የሚመጣ ባል ወይም ጨርሶ የማይመጣ ባል ትጠብቃለች፣ ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ተጨቃጭቃ ታድራለች። ስለ ፓርቲው አንድም ቃል የለም። ይህ መቅረቱ ራሱ ነበር ችግሩ፤ ከአብዮቱ 60 ዓመት በኋላ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ሲኖሩና ፓርቲው አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ ሳይላቸው ሲቀር ማየት ለአዘጋጆቹ ከየትኛውም ክስ የከፋ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ታሪኮቿን በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ «ኖቪ ሚር» መጽሔት በወሰደች ጊዜ ዋና አዘጋጁ ገጣሚው አሌክሳንድር ትቫርዶቭስኪ ነበር። ይህ ሰው የእስረኞች ካምፕን ታሪክ የጻፈውን ሶልዠኒትሲንን ለአንባቢ ያበቃ ደፋር አዘጋጅ ነው። የእርሷን ጽሑፍ አንብቦ ችሎታዋን አደነቀ፣ ጨለማነቱ ግን በዛበት፤ እንዳይታተም ወስኖ ከደራሲዋ ጋር ያለው ግንኙነት ግን እንዳይቋረጥ አዘዘ። የካምፕ እስረኛን ታሪክ ያሳተመ ሰው የአንዲት ተራ የሞስኮ ሴትን ታሪክ ለማሳተም አለመድፈሩን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእስረኛው መከራ ጥፋተኛ አለው፤ የሴትየዋ መከራ ግን ጣት የሚቀሰርበት ሰው የለውም። በኋላ ዘመን የመጡ ተቺዎችም «ቸርኑኻ» የሚል ስም ሰጡት፤ ጭቃውን ብቻ መርጦ የሚያሳይ ጽሑፍ ለማለት ነው።

በዚህ መካከል የጽሕፈት መኪና ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ተውኔቶቿ ከመታተማቸው በፊት በተማሪዎችና በአማተሮች መድረክ ታዩ። «የሙዚቃ ትምህርት» በ1979 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቴአትር በሮማን ቪክቲዩክ አዘጋጅነት ከቀረበ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቷል።

ጥያቄ፦ «እኛ የተውኔት ክበብ አባላት ነን። ‹ሦስት ልጃገረዶች በሰማያዊ› የተባለውን በእንግሊዝኛ አንብበን ለንባብ መድረክ ልናቀርበው አስበን ነበር፤ ነገር ግን አባሎቻችን ‹ምንም አይፈጠርበትም፣ ዝም ብሎ ወሬ ነው› ብለው ተከፋፈሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?» (የክበቡ ጸሐፊ)

መልስ፦ ወሬ መሆኑን የተናገሩት አባሎቻችሁ ልክ ናቸው፤ ምንም አይፈጠርም ያሉት ግን የወሬውን መጨረሻ አልሰሙም።

ጉዳዩን ላላነበቡት አንባብያን እንግለጸው። ኢራ፣ ስቬትላና እና ታቲያና የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ሦስቱም ከሞስኮ ወጣ ብሎ በሚገኝ አሮጌ የበጋ ቤት፣ ሩሲያውያን ዳቻ በሚሉት፣ ባለመብት ነን ይላሉ። ጣሪያው ያፈሳል። ጣሪያውን ማን ያስጠግን፣ ማን ይክፈል፣ የማን ልጅ የማንን ልጅ መታ በሚለው ክርክር የመጀመሪያው ክፍል ያልፋል። ከዚያ ኒኮላይ ኢቫኖቪች የሚባል ኑሮ የተመቸው ባለትዳር ሰው ኢራን ይወድዳል፤ የፍቅሩ ስጦታም በግቢው ውስጥ የሚያሠራላት መጸዳጃ ቤት ነው። በዚህ አትሳቁ ማለቴ አይደለም፣ ሳቁ፤ ነገር ግን ተዋናይቱ በስጦታው መደሰቷ እውነተኛ መሆን አለበት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለኢራ ማንም ሰው ምንም ነገር ሠርቶላት አያውቅምና።

ኢራ ልጇን ፓቭሊክን ለእናቷ ትታ ሰውየውን ተከትላ ወደ ክሪሚያ ትሄዳለች። እዚያ ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር ነው። እናቷ ሆስፒታል ትገባለች፤ ትንሹ ልጅ ሞስኮ ውስጥ ቤት ተቆልፎበት ብቻውን ይቀራል። ኢራም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትኬት አጥታ፣ መድረስ ላልችል እችላለሁ እያለች በጉልበቷ ትንበረከካለች። እስከዚህ ድረስ ያለው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ስለ ጣሪያውና ስለ ሩብሉ የተባለው ሁሉ፣ ለዚህች ጉልበት መሬት መንካት የተቆለለ ነው። ተመልካቹ ጭቅጭቁ ካልሰለቸው ይህ አይሰማውም። ስለዚህ ምክሬ አታሳጥሩት ነው። ሰውን ለማሳቅ ብላችሁም ድምፃችሁን አታጋንኑ። የፔትሩሼቭስካያ ገጸ ባሕርያት ሲናገሩ አይደማመጡም፤ አንዷ ስለ ልጇ ሳል ስትናገር ሌላዋ ስለ ኪራይ ትመልሳለች። ፋታ ሳትሰጡ፣ አንዱ ንግግር በሌላው ጫፍ ላይ እየተደራረበ ቢነበብ ውስጡ ያለው ሙዚቃ ይወጣል። በትዕይንቶቹ መካከል የሚሰማውን የልጁን ተረት ግን ቀስ ብላችሁ፣ ለብቻው አንብቡት፤ በተውኔቱ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚናገረው ብቸኛ ሰው እርሱ ነው።

ተውኔቱ በ1980 ቢጻፍም በሞስኮው የሌንኮም ቴአትር በማርክ ዛካሮቭ አዘጋጅነት፣ ኢና ቹሪኮቫ ኢራን ሆና፣ ለመታየት የበቃው በ1985 ነው። ርዕሱ የቼኾቭን «ሦስት እኅትማማቾች» የተሰኘ ተውኔት ማስታወሱ በዘፈቀደ አይደለም፤ እነዚያ ወደ ሞስኮ መሄድ ይመኛሉ፣ እነዚህ ግን ሞስኮ ናቸው፣ የሚመኙት የማያፈስ ጣሪያ ነው።

ክበባችሁ በአጭር መጀመር ቢፈልግ «ቺንዛኖ» ይቀላል። ሦስት ወንዶች ባዶ ሊባል በሚችል ቤት ውስጥ ቬርሙት የሚባለውን ወይን ይጠጣሉ። ስለ ብድር፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ጠርሙስ ብዛት እያወሩ ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዱ እናቱ መሞቷን ይዞ እንደመጣ ወደ መጨረሻው ግድም ይገለጣል። በዚህ ተውኔት ሐዘን በቃል ተነግሮ አያውቅም፤ ይጠጣል ብቻ።

በነገራችን ላይ ተቺዎች ቃለ ተውኔቷን በቴፕ መቅረጫ ከተቀዳ ወሬ ጋር ማመሳሰል ይወድዱ ነበር። ምስጋናም ወቀሳም ይመስላል። ቴፕ ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል፤ ፔትሩሼቭስካያ ግን ከሰማችው ሁሉ መካከል ተናጋሪው ሳያውቅ ራሱን የገለጠባትን ቃል ብቻ ታስቀራለች። የሬዲዮ ዘጋቢ ሆና መሥራቷ ረድቷት ይሆናል፤ መምረጡ ግን የማሽን ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ «‹ጊዜው ሌሊት› የተሰኘውን ሥራዋን ጨርሼ መጽሐፉን ስዘጋ በጣም ተከፋሁ። ደራሲዋ ለገጸ ባሕርዮቿ ርኅራኄ የላትም ወይ? ዋናዋ ሴትዮስ መልካም እናት ናት ወይስ ክፉ?» (ሁለት ልጆች ያሏት እናት)

መልስ፦ እመቤቴ፣ መከፋትዎ የንባብዎን ጥራት ያሳያል። ይህ አጭር ልቦለድ በ1992 በ«ኖቪ ሚር» ታትሞ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያው የሩሲያ ቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆኗል፤ ከሥራዎቿ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠውም እርሱን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በስልክ ጥሪ ነው። አንዲት የማትታወቅ ሴት የሞተች እናቷን ጽሑፎች ለመላክ ትጠይቃለች፤ የሚመጣውም አቧራ የጠገበ ማኅደር ነው፣ ውስጡም የተጻፈባቸው ወረቀቶች፣ የተማሪ ደብተሮች፣ የቴሌግራም ቅጾች ሳይቀሩ ታጭቀውበታል። ንዑስ ርዕሱ «በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የተጻፉ ማስታወሻዎች» ይላል። ጠረጴዛው ለምን ጠርዙ ብቻ ቀረላት? ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ነውና። የወረቀቶቹ ጸሐፊ አና አንድሪያኖቭና የማትታወቅ ገጣሚ ናት፤ ስሟ የታላቋን ገጣሚ የአና አኽማቶቫን ስም በመምሰሉ ትኮራለች፣ የልጅ ልጇን ቲማን በድህነት ታሳድጋለች፣ የሰው ቤት ሄዳ ለልጁ የሚቀመስ ነገር እንዲቀርብ ታደባለች። ልጇ አሊዮና ከተለያዩ ወንዶች ትወልዳለች፤ ወንድ ልጇ አንድሬይ ከእስር ቤት ወጥቶ ገንዘብ ይነጥቃታል፤ የገዛ እናቷ ሲማ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ናት። አና ሁሉንም ትወድዳለች፤ ፍቅሯም ሁሉንም ያንቃል። የአሊዮናን የግል ማስታወሻ ደብተር ሰርቃ ታነባለች፣ ማንበብ ብቻ ሳይሆን በየመካከሉ የራሷን ሽሙጥ ትጨምርበታለች። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ብቻ ነው ከራሷ ጋር የምትሆነው፤ በመጨረሻም ቤቱ ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል።

መልካም ናት ወይስ ክፉ ላሉት፣ መጽሐፉ ዳኛ የለውም ብዬ ልመልስ። ከአና ድምፅ በስተቀር ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ እርሷ ደግሞ ስለ ራሷ የምትዋሸውን እንኳ እኛ በሚገባን መንገድ ትዋሻለች። ደራሲዋ ጣልቃ ገብታ «እዘኑላት» አትልም። እኔ ርኅራኄዋን የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቢያገኛት ፊቱን የሚያዞርባትን ለፍላፊ ሴት ቁጭ ብላ፣ ሳታቋርጣት፣ እስከ መጨረሻው ሰምታታለች።

ይህ ካላሳመነዎት በ1988 የወጣውን «የእኛ ክበብ» የተሰኘ ታሪኳን ያንብቡ። የምትተርከው ሴት በማይድን በሽታ እየሞተች ነው፤ ይህን ደግሞ ዓመታት አብረዋት አርብ አርብ የጠጡት ምሁራን ጓደኞቿ አያውቁም። በፋሲካ ምሽት፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ የሰባት ዓመት ገደማ ልጇን እስኪደማ ትመታዋለች። ጓደኞቿ በቁጣ ልጁን ነጥቀዋት ይወስዳሉ። እርሷ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። ልጄን አሳድጉልኝ ብላ ብትለምን ማንም እንደማይቀበላት ስለምታውቅ፣ እርሷን እንዲጠሏትና ልጁን እንዲያሳድጉት አድርጋ አሰላችው። ተራኪዋ ብልጥ ነኝ እያለች ትጀምራለች፤ ምን ያህል ብልጥ እንደሆነች የምንረዳው በመጨረሻው ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ «ትርጉም በሌላቸው ቃላት የተጻፈ ተረት አላት ይባላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ወደ አማርኛ ይተረጎማል?» (ተርጓሚ)

መልስ፦ እውነት ነው። «ፑስኪ ቢያትዬ» በሚል ርዕስ ይታወቃል። ካሉሻ የምትባል እናት ከልጆቿ ጋር ስትሄድ ቡትያቭካ የሚባል ነገር ታያለች፤ ልጆቹ ይበሉትና ያማቸዋል፣ እናትየው ታስተፋቸውና ትገሥጻቸዋለች፣ የተተፋው ቡትያቭካም ተነሥቶ ከሩቅ ያፌዝባቸዋል። ይህን ሁሉ ሩሲያዊ አንባቢ ይረዳል፤ ይሁንና የቃላቱ ሥር አንዱም በመዝገበ ቃላት የለም። የሩሲያ ቋንቋ ቅጥያዎች፣ የጾታና የቁጥር ምልክቶች፣ የግሥ ጊዜያት ብቻቸውን ታሪኩን ይሸከሙታል።

ትርጉም የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይሠራም፤ እንደገና መፈጠር አለበት። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። ራሴ የሞከርኩትን ላስነብብዎት፦ «ቡልጋሚት ከቡልጋሚቶቿ ጋር በዝርቃው ዳር እየተንጰለለሰች ሳለ አንድ ጉምቢል ጰነጨች።» ቡልጋሚት ሴት መሆኗን፣ ልጆች እንዳሏት፣ እየሄደች እንደነበር፣ መንገድ ላይም አንድ ነገር እንደገጠማት ሳይነገርዎት ዐውቀዋል። ያወቁት ከ«-ቿ» እና ከ«እየተ-» ነው።

የእናቷ አባት ኒኮላይ ያኮቭሌቭ የታወቀ የቋንቋ ሊቅ እንደነበር፣ የካውካሰስ ቋንቋዎችን እንዳጠናና ስለ ፊደል አቀራረጽ ሒሳባዊ ቀመር እንደጻፈ ካስታወስን፣ ጨዋታው ከቤት የመጣ ይመስላል። ያ ሊቅ በ1950 ስታሊን ስለ ቋንቋ ጥናት ጽሑፍ ካወጣ በኋላ በነበረው ዘመቻ ሥራውን አጥቷል፤ አእምሮውም ታውኳል። በልጅ ልጁ ተረት ውስጥ የሚያስቀው ሰዋስው ለአያቷ ዕንጀራም መከራም ነበር።

ጥያቄ፦ «ትልልቅ ባርኔጣ አድርጋ የምትዘፍነው አሮጊት እርሷ ናት? የመንግሥት ሽልማቷንስ መለሰች የተባለው?» (ከብዙ አንባብያን)

መልስ፦ አዎን፣ እርሷ ናት። 70 ዓመት ከሞላት በኋላ የካባሬ መድረክ ከፍታ ከሙዚቃ ጓድ ጋር ትዘፍናለች፤ ሥዕልም ትሥላለች። ለዩሪ ኖርሽታይን «የተረቶች ተረት» የተሰኘ የ1979 የአኒሜሽን ፊልም ድርሰቱን ከእርሱ ጋር የጻፈችውም እርሷ ናት። በእንግሊዝኛ የወጣው የአስፈሪ ተረቶቿ ስብስብ በ2010 የዓለም የፋንታሲ ሽልማትን አግኝቷል፤ በውጭ አገር ዝናዋ የገነነው በዚህ ቢሆንም፣ እነዚያን ተረቶች ከ«ጊዜው ሌሊት» በታች ነው የማስቀምጣቸው።

ከመንግሥት ጋር ያላትን ጉዳይ በተመለከተ፣ በ1991 መጀመሪያ የሶቪየት ታንኮች የሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒውስ በገቡ ጊዜ ለሊትዌኒያውያን በጻፈችው ደብዳቤ ምክንያት ፕሬዚዳንት ጎርባቾቭን ሰድባለች ተብሎ የወንጀል ክስ ተከፍቶባት ነበር፤ ጎርባቾቭ ሥልጣን ሲለቅ መዝገቡ ተዘጋ። የ2002 የሩሲያ መንግሥት ሽልማትን ተቀብላለች። በዲሴምበር 2021 ግን የስታሊን ዘመን ሰለባዎችን ስም ሲመዘግብ የኖረው «ሜሞሪያል» የተባለው ድርጅት በፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲፈርስ ሲደረግ፣ ሽልማቱን እንደማትፈልገው በይፋ አስታወቀች። በ1937 የተረሸኑት ዘመዶቿ ሜሞሪያል ስማቸው እንዳይጠፋ ከታገለላቸው ሰዎች መካከል ናቸው።